ለንስሐ አባት ያልደረሰው ስልስ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። አምቦ አስተማሪ ሆኜ፣ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ አማቴ ፍልሰታን ሊጾሙ ከእጃጂ መጡ። የቲማቲም ስልስ ሠርቼ አቀረብኩላቸው። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ የጾም ስልስ በልቼ አላውቅም!" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጓዳ ስገባ ግን የጾሙ የሸክላ ድስት ሳይነካ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ለካ ስልሱን የሠራሁት ቅቤ በጠጣው የዶሮ ወጥ ድስት ኖሯል!

ይህን ጊዜ አማቴ፣ "የቀረውን በዕቃ አድርጊልኝ፤ ለንስሐ አባቴ እወስድላቸዋለሁ" እያሉ ወደ ጓዳ መጡ። እውነቱን መናገር አፈርኩና የቀረው ስልስ ያለበትን ድስት አንስቼ ሆን ብዬ ለቀቅኩት፤ ተሰብሮ ስልሱ መሬት ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ግን እቅፍ አድርገውኝ፣ "አይዞሽ፣ ድስት ነው የተሰበረው" አሉኝ። ዛሬም ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ያ ስልስ ለቄሱ ሳይደርስ መቅረቱ ይቆጫቸዋል፤ እኔም አቀርቅሬ ቲማቲሜን እከትፋለሁ።