የኡሙሃኒ ደምና የወንድሟ ምላስ

አያ ዘካሪያስ ቆቦ ገበያ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ወደ ሮቢት የሚመለሱበትን ሚኒባስ ሲጠብቁ፣ የጎረቤታቸውን ልጅ ኢልሀምን አገኟት። ኢልሀም ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ደም የምትመረምር ባለሙያ ናት። አያ ዘካሪያስም ደግ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ልጓም አያውቅም።

«እህትዎ ኡሙሃኒ እንዴት ናት?» አለች ኢልሀም ሰላምታው ሲያልቅ።

አያ ዘካሪያስ ዓይናቸውን ሰበሩ። በረመዳን፣ ጎረቤት ለማፍጠር በተሰበሰበበት፣ ወደ እሷ እየጠቆሙ «በጾም ማን ይወፍራል? ይቺ ተደብቃ ትበላለች!» ብለው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ኡሙሃኒ ጎረቤት መሃል አልወጣችም።

«ሐኪም ለሌላ ነገር ብሎ ሲቲ ስካን በሚሉት መሣሪያ ውስጧን ሲያያት ከኩላሊቷ በላይ እባጭ ተገኘባት። ለምርመራ ደም ትስጥ ቢሉም እኔ እንቢ አልኩ። ለማያማት ነገር ለምን ደሟን ይቀዱታል? ይልቅ ሦስት ጊዜ ዋገምት አስደረግኋት።»

«ስንት ቀንድ ደም ፈሰሰ?»

«አምስት ይሆናል።»

«ያ ሁሉ ደም ምን ነገረዎት?»

«ምን ይነግረኛል? መሬት ጠጣው።»

«እኛ የምንወስደው ከሁለት ማንኪያ አያልፍም፤ ግን ይናገራል። የዋገምቱ ቁስልስ ሻረ?»

«እስካሁን አልደረቀም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ይኸውልዎ አያ፤ ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ታመነጫለች። እባጭ ሲወጣባት አንዳንዴ ከልክ በላይ ትሰጣለች። ትርፉ ጥቂት ቢሆንም፣ ሳያሳምም ደም ግፊትና ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ከባሰ ፊትና ሆድን ያሳብጣል፣ ቁስል አላድን ይላል።»

«እሷም ግፊትና ስኳር አለባት፤ ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«ማታ አንዲት ክኒን ትውጣለች። ክኒኗ ጤነኛዋን እጢ ‹በቃሽ› ትላታለች። ጠዋት ደሟ ሲታይ ኮርቲሶሉ ካልወረደ፣ እባጩ ትእዛዝ አልሰማም ማለት ነው። ሌሎች በደም የሚለኩ የሆርሞን ምልክቶችም አሉ፤ እነሱ ሲያንሱ ጥርጣሬውን ያጠነክሩታል።»

«ስለዚህ በልታ አይደለም?»

«ደሟን ሳላይ እኔ አልምልም። እርስዎ ግን ሳያዩ ማሉባት።»

አያ ዘካሪያስ ፊታቸው ጠቆረ። ሰው ባለማወቁ አያፍርም፤ ሳያውቅ በመፍረዱ ግን ሊያፍር ይገባዋል። እሳቸውም አፈሩ፤ ሚኒባሱ መጥቶ ሲሄድ እንኳ አላዩትም።

በሳምንቱ እህታቸውን «አፉ በይኝ» ብለው ደሴ ይዘዋት ሄዱ። ክኒኗን ማታ ውጣ ጠዋት ደሟ ታየ፤ ኮርቲሶሉ አልወረደም፤ ሌሎቹ ምልክቶችም ያንኑ መሰከሩ። እባጩ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ግፊቷ ረገበ፣ የስኳር መድኃኒቷ ተቀነሰ፣ ቁስሏም ሻረ። ሳይመረመር ቢቆይ ኖሮ አንድ ቀን ልቧን ይጎዳ ወይም አጥንቷን ይሰብር ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ እባጭ የተገኘበት ሰው «አላመመኝም» ብሎ አይቀመጥ፤ ደሙን ያስመርምር።

ለመውሊድ ጎረቤት ሲሰበሰብ አያ ዘካሪያስ የምርመራውን ወረቀት ይዘው ተነሡ።

«ወላሂ፣ በረመዳን ሥጋ የበላሁት እኔ ነኝ፤ በምላሴ የበላሁትም የእህቴን ሥጋ ነው። ይኸው ወረቀቱ፤ ንጹሕ ናት!»

ሰው ሁሉ «አፉ በይን» እያለ ኡሙሃኒን ከበባት፤ እሷም «አፉ ብያለሁ» አለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ነጠላዋን ሳብ አድርጋ በቀስታ ጠየቀቻቸው፤

«ወንድምዓለም፣ ወረቀቱ ባይመጣስ ኖሮ ማን ያምነኝ ነበር?»