እጥፋት የሌለው ገንዳ

ሊፍቱ ተበላሽቶ በሰነበተ ሕንፃ ውስጥ ሰው ከሰው የሚገናኘው ደረጃ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ደረቱን በሁለት እጁ ደግፎ ወደ ቤቱ ሲወጣ ከወንድሙ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ልጅቱ ስለ ባሕር እንስሳት የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የታመመች ሚስቱን ጠይቃ እየወረደች ነበር።

«ምነው ጋሼ? ደረትዎን አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም፤ እንግዳ ይዤ ነው።» ኮቱን ገለጥ አደረገላት። ውሃ በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ጣት የምታህል፣ ነጭ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ የፈሰሰባት ዓሣ ክንፏን ታርገበግባለች። «እንዳይበርዳት ብዬ ነው የሸሸግኳት። እያት እስቲ! እንዲህ ያለ ጨርቅ ገበያውን ባስስ አገኛለሁ?»

ልጅቱ ጎንበስ ብላ አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«የት ሊያስገቧት ነው?»

«የት ይመስልሻል? ከሙሽሮቹ ጋር ነዋ!»

ልጅቱ ተከትላው ተመለሰች።

ሙሽሮቹ የተባሉት ወገባቸውን ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ናቸው። ስም ያወጣችላቸው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ሴትዮዋ ባለፈው ክረምት ግራ ጎኗን በሽታ ከመታት ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ብዪ ሲሏት እየበላች፣ ተኚ ሲሏት እየተኛች ትኖር ነበር። ሐኪሙ «ዓይኗ የሚያርፍበት ነገር ፈልግላት» ቢለው፣ ባልየው የጨው ውሃ የያዘ የመስታወት ገንዳ አልጋዋ አጠገብ አቆመላት። ዓሦቹ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ ከግድግዳው ዞረች። «ወንዱን አየኸው? እንዳንተው ነው፤ ዝም ብሎ ይከተላታል» አለችና ሳቀች። የዚያን ሳቅ ዋጋ ከባልየው በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለት ዓሣ ይህን ያህል ካሳቃት ሦስተኛዋ ምን ታደርጋት ይሆን ብሎ ነው ዛሬ ሱቅ የሄደው። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ለመስጠት ሲቸኩል መጠየቅ ይረሳል።

ቤት እንደ ደረሱ ላስቲኩን እንደ ታሰረ ገንዳው ላይ አንሳፈፈው። የሁለቱ ውሃ ሙቀት እስኪስተካከል እንዲህ ይቆያል፤ ከዚያ የላስቲኩን አፍ ቆርጦ ዓሣዋን መልቀቅ ነው። ከስፌት መኪናው ላይ መቀሱን አነሣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፕሮፌሰሯ ተመልሳ መጣችልሽ፤» አላት ሚስቱን። «እኔን ልትከለክል።»

«ልከለክልዎ አይደለም ጋሼ። ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህቺ ዓሣ ስታድግ ምን እንደምታህል ጠይቀው ነው የገዟት?»

«የምታያት ናታ! ጣት ታህላለች።»

«አሁን ነዋ። ገና ሕፃን ናት። ካደገች ከክንድዎ ትበልጣለች።»

ልብስ ሰፊው ከት ብሎ ሳቀ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ! ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ስንት ዘመን ዓሣ ያኖረ ሰው ነው። ዓሣ እንደ ቤቱ ነው የሚያድገው፣ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ካለ ትንሽ ሆኖ ይቀራል ብሎኛል።»

«የልጅ እግርስ ጠባብ ጫማ ስላደረገ ማደጉን ይተዋል?»

«የት ይተዋል? ይጣመማል እንጂ።»

«ዓሣም እንደዚያው ነው። ይጣመማል፣ ይታመማል፣ ዕድሜው ያጥራል። እሱ እስኪሆን ደግሞ…» ወደ አልጋው አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህ ወገን በአፉ የሚገባለትን ሁሉ ይውጣል። ክፋት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ዛሬ ሙሽሮቹ አፏን ይበልጧታል። ትንሽ ስታድግ ግን አይበልጧትም።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «አጥግቤ አበላታለሁ! ጠግቦ የሚሰርቅ ማን አለ?»

«አለ እንጂ፤» አለች ሚስቱ ከአልጋዋ፤ ለካ ሁሉንም ሰምታለች። «ቤቱ በልቶ መጥቶ ያንተን ሳህን የሚጠርግ አንድ ፀጉር አስተካካይ አውቃለሁ።»

ልጅቱ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። ሽማግሌ በወጣት ሲረታ አንድ ነገር ነው፤ በሚስቱ ፊት ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣» አለች ልጅቱ በትሕትና፣ «የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ትዝ ይልዎታል?»

«ለማን ልጅ ያልሰፋሁት አለ!»

«ከቀሚሱ ግርጌ ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል አጥፈው ነበር። እኔ ባደግሁ ቁጥር እናቴ እየተረተረች ትለቅልኝ ነበር። ሰፈሩ ባለ እጥፋቱ የሚልዎት ለዚህ አይደል? እናቶች ሲጠይቁዎት ምን ነበር የሚሉት?»

ሰውዬው መልሱን ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ነው። ሚስቱ ግን ቀድማ ተናገረችለት፦ «ልጅ ሲለካ የዛሬው አይለካም፤ የሚመጣው ነው የሚለካው።»

«ታዲያ የዚህ ገንዳ እጥፋቱ የት አለ?» አለች ልጅቱ።

ልብስ ሰፊው ተነሣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር፤ አልነካውም። የቀኝ ክንዱን በገንዳው ክዳን ላይ ከፊተኛው መስታወት ወደ ኋለኛው አጋደመ። የጣቱ ጫፍ ኋላ ሲደርስ ክርኑ ውጭ ቀረ። ክንዱን አንሥቶ እንደገና አጋደመ፤ ክርኑ እንደገና ውጭ ቀረ።

«መዞሪያ እንኳ የላትም፤» አለ ቀስ ብሎ። «መስታወት ደግሞ ተተርትሮ አይለቀቅ።»

ስንቶቻችን በማናውቀው ሙያ የተሳሳትነው፣ የራሳችንን ሙያ እቤት ትተን ስለወጣን ነው! ሰውዬው ሌላ ዕውቀት አላነሰውም፤ ለቀሚስ የሚያውቀውን ለዓሣ ማሰብ ብቻ ነበር የቀረው።

«ይልቅ ያቺን እንግዳ እዩዋት፤» አለች ሚስቱ። ነጠብጣቧ ዓሣ አፏን ከላስቲኩ አስጠግታ ሙሽሮቹ በሄዱበት ሁሉ ትዞራለች። «የሥጋ ቤት መስኮት ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው የምታያቸው። አደራህን፣ ሳይቃጠል በቅጠል።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን ስፌት መኪናው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ሙሽሮቹ ቢበሉ የሚስቱ ፊት ዳግም ወደዚያ ግድግዳ ሲዞር ታየው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ላስቲኩን ከውሃው አውጥቶ ኮቱ ውስጥ ከተተ።

«ተነሺ ፕሮፌሰሯ! ሱቁ ሳይዘጋ።»

ደረጃውን ሲወርዱ እንደ ወጣት ቀለለው። ልጅቱም ከጎኑ እየሄደች የቀረውን አጫወተችው። ዓሣ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሲያድግ ምን እንደሚያህል፣ ከዚያም አፉ እነማንን ሊውጥ እንደሚችል ይጠይቅ፤ ገንዳ ያለ ልክ ካልተሞላ ውሃው ቶሎ አይቆሽሽም፤ ውሃው ካልቆሸሸ በሽታ ያንሳል፤ ባለቤቱም በየጊዜው የሞተ ከመተካትና ከጭንቀት ያርፋል አለችው።

«ሰው እንደ ቤቱ እንጂ እንደ ጎረቤቱ አይኖርም፤» አለ ልብስ ሰፊው። «ዓሣም ሰው ሆነ ማለት ነው!»

ባለ ሱቁ ነጠብጣቧን ሳያንገራግር ተቀበለ፤ ሰፊ ገንዳ ያለው ደንበኛ ነበረው። ልብስ ሰፊው በምትኳ ሌላ ዓሣ ሲያሳዩት መልኩን ከማየቱ በፊት «ሲያድግስ?» እያለ ቆየ። በመጨረሻ አሸዋ እየጫረ የሚውል፣ አድጎም ከጣት የማይበልጥ አመዳም ዓሣ መረጠ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት መልክ ነው?» አለች ሚስቱ ስታየው።

«መልኩን ተይው፤ ልኩን እዪ።»

ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ስለ ዓሣ ባወራ ቁጥር ልብስ ሰፊው ክንዱን ያጋድምለታል። ጠዋት ጠዋት ሲነሣ ግን ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ዓይኑ ወደ ገንዳው ይሮጣል። ፊቷን ወደ ገንዳው አድርጋ የተኛችው ሚስቱም ሳይጠይቃት ትመልስለታለች፦

«ሙሽሮቹ ሁለቱም አሉ። ይልቅ እንደምን አደርሽ በለኝ።»