ጎጆ ያልደረሰው ጥናት

የምነግደውን ጨው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ ስወጣ፣ ከኋላዬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንዲት የጎጆ ድንች ነጋዴ ያወራሉ።

«የተቅማጡ ወረርሽኝ ገበያውን ምን ያህል እንደጎዳው ነው የማጠናው፣ እማማ።»

«ኤዬ፣ አንተ አራተኛው ነህ። ሦስቱ አምቦ ጠይቀው ከአምቦ ተመለሱ።»

«ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይከፋላ!»

«እኛ ኬላ ተዘግቶብን ድንቹ በስብሶ ቀረ፤ ለዘር እንኳ አልተረፈንም።»

«ጥናቶቹ ግን ገበያው አልተጎዳም ነው የሚሉት።»

«አልተጎዳም ለተባለ አገር ማን ዘር ይሰጣል?»

«እኔ ከእርስዎ እጀምራለሁ።»

«ጀምር! ለመሆኑ አልተጎዳም ያላቸው ማነው?»

«ሦስቱም የጠየቁት አንድ የአምቦ ጨው ነጋዴ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ ነው አሉ።»

ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ አውርጄ፣ ጎጆ እስክንገባ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሆንኩ።