ሽቅብ የምትሄደው ዳገት ማርያም

(ከኮረብታው ወገብ ላይ ከዓለት በተፈለፈለችው በዳገት ማርያም ደጅ፣ ቄሰ ገበዙ መምሬ ካሳዬ የበሩን ቁልፍ እንደያዙ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቅርስ ጥገና የመጣው መሐንዲስ ሽብሩ ሜትሩን ይጠቀልላል።)

መምሬ ካሳዬ፦ እንደገና ለካ።

ሽብሩ፦ ሦስቴ ለካሁ እኮ መምሬ። ከድሮው ልኬት ንቅንቅ አላለችም።

መምሬ ካሳዬ፦ ሽቅብ እየሄደች ነው እልሃለሁ። ገበዝ የሆንኩ ዓመት፣ ከታች ከገበዙ ቤት እስከዚህ ደጅ ሦስት መቶ አሥር እርምጃ ነበር። ዘንድሮ አምስት መቶ ሁለት ገባ።

ሽብሩ፦ አንድ ወጥ ዓለት ናት። ዓምዱ ከወለሉ፣ ወለሉ ከተራራው አልተለየም። በምን እግሯ ትሄዳለች?

መምሬ ካሳዬ፦ ተራራውን ይዛው ነዋ።

ሽብሩ፦ እንዲያ ከሆነ ቤትዎም አብሮ ይወጣ ነበር።

መምሬ ካሳዬ፦ የሣር ክዳን ጎጆ የት ይደርስባታል?

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ይኼን ሪፖርት ላይ እንድጽፍ ለምን ፈለጉ?

መምሬ ካሳዬ፦ ሦስት እሑድ ሙሉ በሩን አርፍጄ ከፈትኩ። ሰበካ ጉባኤው «ገበዙ አርጅቷል፣ ቁልፉን ያስረክብ» ብሏል። እሷ ከራቀች ጥፋቱ የኔ አይደለም። ካልራቀች ግን... አርባ ዓመት የከፈትኩት በር ነው ልጄ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሽብሩ፦ ማስረጃ አለዎት?

መምሬ ካሳዬ፦ ከበሩ ጀርባ እይ። ገበዝ የሆነ ሁሉ በየዓመቱ ለንግሥ እርምጃውን ቆጥሮ እዚያ ይጭራል። የአሥራ አንዳችንም አለ።

ሽብሩ፦ እኚህ በሦስት መቶ ጀምረው አምስት መቶ ላይ ጨረሱ። ተከታያቸው ደግሞ ከሦስት መቶ ጀመሩ። ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

መምሬ ካሳዬ፦ አየህ? አዲስ ሰው ቁልፍ ሲይዝ ትወርዳለች፤ እንግዳ ታከብራለች። የምትኮራው ከለመደችን በኋላ ነው።

ሽብሩ፦ መምሬ፣ ይኼ እኮ የእግር...

መምሬ ካሳዬ፦ እግሬ ምን አደረገ?

ሽብሩ፦ ምንም።

መምሬ ካሳዬ፦ ቆይማ። ቁልፍ እጅ ሲለውጥ አይደል የምትወርደው? እንካ፣ ያዝልኝ። ነገ ማለዳ ቤቴ ደጅ ታስረክበኛለህ፤ አዲስ ገበዝ ሆኜ እወጣለሁ።

ሽብሩ፦ ባትወርድስ?

መምሬ ካሳዬ፦ ትወርዳለች። ለኔ ካልወረደች ለማን ልትወርድ ነው?

ሽብሩ፦ እሺ፣ ሪፖርቱንም ነገ እጽፋለሁ። ብቻ የሚቆጥሩት ክንዴን ይዘው ነው፤ እኔ ስራመድ ሰፋ አድርጌ ነው።