ቁጥሩን የፋቀው እጅ

ሰው ሲዋሽ ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሃያ ስምንት ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰውን ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ ጠባዩ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገብቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፎቃችን ደረጃ ላይ ጋሽ ምስጢርን ያገኘኋቸው ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልለው አቅፈዋል፤ ሁለት ደረጃ ይወርዱና አንድ መልሰው ይወጣሉ። ወዴት ነው ብላቸው አቧራውን ላስነፋ ነው አሉኝ። ይህን የሚሉኝ እንግዲህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤሌክትሮኒክስ ሲጠግኑ የኖሩ፣ አቧራ መንፊያ ቤታቸው ያለ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ እኔን እንኳ ይተዉኝ። ምን ገጥሞዎት ነው?" አልኳቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ባለቤታቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መምህርት የሚላቸው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ በማይክሮፎን ሲቀርጹ ቆይተዋል። ማየት የተሳነው ልጅ ሒሳብን በጣቱና በጆሮው እንዴት እንደሚማር የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ያ ሁሉ ድምፅ ያለው በዚህ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ዲስኩ ሰኞ ጠዋት ድርቅ ብሎ ቀረ። ጋሽ ምስጢር ለሚስታቸው እያጸዳሁት ነው ብለው ዋሹ። እትዬም የመጨረሻው ምዕራፍ ስለቀራቸው ጠዋት ማታ አልደረሰም ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እነሆ ስድስተኛው ቀን ነው።

ወደ እህታቸው ልጅ ሊሄዱ ተነሥተው ደፍረው መውረድ እንዳቃታቸው ገባኝ። ልጅቷ ምድር ቤት ትኖራለች። በሥራ ቀን የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ ግን መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች እየለቀመች፣ የአንዱን ዕቃ ለሌላው እየሰካች፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበትና ውስጡን ከፍቶ ሊያሻሽለው የሚችለውን ሶፍትዌር እየጫነች ነፍስ ትዘራባቸዋለች። የተሳካላትንም ያበላሸችውንም ጽፋ በኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ታወጣለች። አጎትና የእህት ልጅ የተኳረፉት በዚሁ ነው። ሙያን አደባባይ አሰጣች ብለው ዓመት ሊሞላቸው ነው ደጇን ከረገጡ። ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

ስታየን አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ብሎኖቹን ፈትታ ዲስኩን አወጣች፣ ገልብጣ በማጉያ መነጽር አየችው። ከዚያ ቀና አለች።

"አጎቴ፣ ይህቺ የተቃጠለችው ቺፕ ላይዋ በምላጭ ተፍቋል። ዓይነቷን የሚለየው ቁጥሯ አይነበብም። ማን ነው የነካው?"

ጋሽ ምስጢር ወደ መስኮቱ ዞሩ። "እኔ ነኝ" አሉ።

ለካ ከአራት ዓመት በፊትም ተበላሽቶ ቺፕዋን የቀየሯት ራሳቸው ናቸው። የቀየሩትን ዕቃ ሁሉ ቁጥሩን መፋቅ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ሌላ ጠጋኝ ቢከፍተው ምን እንዳስገቡ እንዳያውቅ። ጋሽ ምስጢር የተባሉትም በዚህ ነው። በገዛ ሚስታቸው ዲስክ ላይ ከማን ሊደብቁ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁት፤ እጅ ለምዶ ነው። አሁን ቁጥሩ ከአእምሯቸው ጠፍቷል። ልስቅ ቃጥቶኝ ፊታቸውን ሳይ አፈርኩ።

ልጅቷ ፎቶ አንሥታ ጠጋኞች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ልጠይቅ አለች። ቁጥሩ የማይነበብበትንም ምክንያት ልጻፍ ስትል ጋሽ ምስጢር እሳት ጎረሱ። ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተሮቹ ቁልል መሃል ማለፊያ ሲያጡ መልሰው ተቀመጡ።

"አንቺ ወር ጠብቆ የሚመጣ ደሞዝ አለሽ" አሏት። "እኔ ለሁለት ልጆች ሙያውን አስተምሬ ፊት ለፊቴ ሱቅ ከፈቱ። ዓይኔ እያየ ደንበኞቼን ወሰዱ። ቁጥሩ ከታየ ማንም ገዝቶ ይለጥፈዋል፤ እኔን ታዲያ ምን ብሎ ይፈልገኛል?"

እውነቱን ለመናገር ፍርሃታቸው ገባኝ። እኔም ብሆን ከእጄ የተማረ ሰው ወንበሬን ቢወስድ ደስ አይለኝም።

"በድለውዎታል፤ አልክድም" አለች ልጅቷ። "ግን ሰው ወደ እርስዎ የሚመጣው ለእጅዎ ነው። ቁጥሩንማ ፋብሪካው ራሱ ጽፎት ነበር፤ የደበቁት የእርስዎ ያልሆነውን ነው። እኔን ይዩኝ አጎቴ። ይህን ሁሉ ያስተማረኝን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የገጠመውን ጽፎ ተወልኝ፤ እኔ የጎደለውን ጨመርኩበት፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ያርመኛል። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቻዎን አወቁ፣ ብቻዎን ደግሞ ረሱ። የሚያስታውስዎት ሰው እንኳ አላስቀሩም።"

ጋሽ ምስጢር ዲስኩን አንሥተው የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በኋላ፣ "ጻፊ" አሏት። "ግን ማን እንደፋቀው አትጻፊ።"

ያን ቀን ማናችንም አልረጋንም። እኔ የያዝኩትን እርማት ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ጋሽ ምስጢር በየሰዓቱ ይወርዳሉ፣ መልስ የለም ሲባሉ ይወጣሉ። እሑድ ጠዋት ልጅቷ ጠራችን። ሦስት ሰዎች መልሰዋል፤ ሁለቱ ግምት ሲሆን ሦስተኛው ግን የዚያኑ ዓይነት ዲስክ ጥርት ያለ ፎቶ ከነቁጥሩ ልኳል። ቺፕዋ ከየትኛው የተጣለ ዕቃ ላይ እንደምትገኝም ጽፏል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "እንዲህ የተፋቁ ሁለት ዲስኮች ከዚህ በፊት መጥተውልኝ ነበር። ያኔ ቁጥሩን ስለማላውቅ እንዳሉ መለስኳቸው። አንዱ የአንዲት እናት ነበር፤ የሞተው ልጇ ድምፅ ነበረበት። ቁጥሩን ካገኘሁ በኋላ ፈልጌ አጣኋት።"

ጋሽ ምስጢር ድገሚው አሏት። ደገመችው። የየት አገር ሰው ነው ቢሏት አልጻፈም አለች።

"የእናትየዋንም ዲስክ የፋቅኩት እኔ ብሆንስ?" አሉ።

ልጅቷ አልጋዋ ሥር ካለው የአሮጌ ዕቃ ካርቶን ያቺን ቺፕ ፈልጋ አወጣች። ብየዳውን ግን እኔ አልደፍርም፣ የእርስዎ እጅ ነው የሚያስፈልገው አለች። ሽማግሌው የጋለውን ብረት ይዘው ቺፕዋን በቦታዋ በየዷት። ዲስኩ ሲዞር ሰማን። ልጅቷ ከሁሉ በፊት ያለውን ሁሉ ወደ ሌሎች ሁለት ዲስኮች ገለበጠች፤ ከዚያ የእትዬ ድምፅ ወጣ። "ምዕራፍ አንድ። ልጁ አስቀድሞ የገዛ ጣቶቹን ይቁጠር።" ጋሽ ምስጢር ያለቀሱት ያኔ ነው፤ እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም።

ላይ ወጥተው ለሚስታቸው ሁሉን አንድ በአንድ ተናዘዙ። እትዬ መምህርት ፊታቸው ተለዋወጠ። "ስድስት ዓመቴን ለአንድ ምላጭ?" አሉ፤ እስከ ምሳ ድረስም አላናገሯቸውም። ከምሳ በኋላ ማይክሮፎኑን ወደ ባላቸው ገፋ አደረጉና በል ከፋቅካቸው ቁጥሮች የምታስታውሰውን ሁሉ ተናገር አሏቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ምክሬን በአጭሩ ልናገር። ጋሽ ምስጢር ዛሬ በሚጠግኑት ዕቃ ሁሉ ክዳን ሥር ምን እንደቀየሩና መቼ እንደቀየሩ ይጽፋሉ። ደንበኛ ይሸሻል ያሉት አልሸሸም፤ የተጻፈውን አይተው የሚመጡ በዝተዋል። እትዬ መጽሐፋቸውን ጨርሰው ለፈለገ ሁሉ በነፃ ሰጡ፤ ልጅቷም በኢንተርኔት ገጿ ላይ አወጣችው። እኔ እንኳ ያረምኩትን ሁሉ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ለአንድ ሰው ብቻ የታወቀ ነገር ከዚያ ሰው ጋር ያረጃል፤ የተጻፈ ግን የማናውቀውን ሰው ይደርስለታል።

ጋሽ ምስጢር በማይክሮፎኑ የተናገሩትን ልጅቷ ወደ ጽሑፍ ገልብጣ መድረኩ ላይ ከማውጣቷ በፊት እርማት ብላ አመጣችልኝ። ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንዲት ቃል አልነካሁም። እንዲህ ይላል፦

"ሠላሳ ዓመት ጠጋኝ ሆኜ ኖሬያለሁ። የለወጥኩትን ዕቃ ቁጥሩን በምላጭ እፍቅ ነበር። የማስታውሳቸው አርባ ሦስት ናቸው፤ ከዚህ በታች ዘርዝሬያቸዋለሁ። የቀሩትን ረስቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የልጇ ድምፅ የቀረባት እናት ይህን የሚያነብብላት ሰው ካለ፣ ዲስኩን ካልጣለችው ታምጣልኝ። እጄ ገና ይሠራል።"