ወይዘሮ የወይንሐረግ እና ሃያ አንዱ የቤዝቦል ዘመን

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያና ከየአካባቢው ሥራችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የወይዘሮ የወይንሐረግ ልሳነወርቅን የሕይወት ጉዞ በቤተሰቡ ስም ስናነብ እንድታደምጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ከአባታቸው ከአቶ ልሳነወርቅ በየነና ከእናታቸው ከወይዘሮ ርብቃ ገብረየስ ሐምሌ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ቀበና ሰፈር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደግሞ በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተከታትለው የጽሕፈት መኪናና የአጭር ጽሕፈት ሙያ በመማር በከፍተኛ ውጤት ተመርቀዋል። ከዚያም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥረው ሲሠሩ አለቃቸው የተናገሩትን አንድም ቃል ሳያስደግሙ በመመዝገባቸው የታወቁ ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው እየታሰሩ፣ እርሳቸውም ለጥያቄ እየተጠሩ ሲመላለሱ በ1970 ዓ.ም. አገራቸውን ለቅቀው ሱዳን ገቡ፤ በካርቱም ሦስት ዓመት ከቆዩም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሽንግተን ደረሱ።

መጀመሪያ በኮሎምቢያ ሃይትስ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተከራይተው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሲሠሩ፣ በዚያው ሕንፃ ከሚኖሩት የታክሲ ሾፌር ከአቶ አሸናፊ ወልደሚካኤል ጋር ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1985ም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጽመው ማኅደርንና ዮኒን ወለዱ። ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ ቤተሰቡ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወረ። ወይዘሮ የወይንሐረግም በተለምዶ ሆም ኬር የሚባለውን፣ አረጋውያንን በቤታቸው የመንከባከብ ሥልጠና ወስደው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚሁ ሥራ ቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሚስተር ሆሊስ የሚባሉ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸውና ዓይናቸው እየደከመ የመጣ የአሌክሳንድሪያ ሰው እንዲንከባከቡ ተመደቡ። እኒህ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ ነበሩ። ከቁርስ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ይኸውም በጋዜጣው የስፖርት ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል የታተመው የቤዝቦል ውጤት እንዲነበብላቸው ነው። ወይዘሮ የወይንሐረግ ጨዋታውን በሩቁ እንኳ አያውቁትም ነበርና ቁጥሩን በየተራ እንደ ገበያ ዝርዝር ሲያነቡላቸው፣ ሚስተር ሆሊስ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዱ ጀመር። ከወራት በኋላም ወይዘሮ የወይንሐረግ ገጹን አይተው ብቻ ማን እንደተሳሳተና ማን ቡድኑን እንዳዳነ ለመናገር በቁ።

በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን የቤዝቦል ቡድን አልነበራትም። የቀድሞው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ከተማዋን ለቅቆ ከሄደ ሃያ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሚስተር ሆሊስ ግን ሌላ እንደሚመጣ አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ወይዘሮ የወይንሐረግ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ለባለቤታቸው፣ «እኒህ ሰውዬ የሌለ ቡድን ደጋፊ ናቸው እኮ» ብለው ይስቁ ነበር።

ቡድኑ እውነትም እ.ኤ.አ. በ2005 መጣ። በሚያዝያ ወር፣ በከተማዋ የመጀመሪያው ጨዋታ በሚደረግበት ዕለት፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ የሰማንያ ስምንት ዓመቱን አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ይዘው ባቡር ተሳፈሩ፤ ሚስተር ሆሊስ በዚያ ጊዜ ከብርሃንና ከጥላ በስተቀር የሚያዩት ነገር ስላልነበረ፣ ዘጠኙን ዙር በሙሉ ኳስ በኳስ በጆሯቸው ነገሯቸው። እንግሊዝኛው ሲያጥራቸው በአማርኛ «በለው! በለው!» ይሉ ነበርና፣ አዛውንቱም ቃሉን ተቀብለው ቡድኑ በአሸናፊነት እስኪወጣ ድረስ «በለው!» እያሉ ሲጮኹ አጠገባቸው የተቀመጡት ሁሉ ተከትለዋቸዋል። ሚስተር ሆሊስ ሁለት የውድድር ዘመን አብረዋቸው ተመላልሰው በሰላም ዐረፉ፤ ወይዘሮ የወይንሐረግም ከዚያ በኋላ ብቻቸውን መሄድ ቀጠሉ።

ይህ ፍቅራቸው በቤታቸውም ሆነ በማኅበራቸው በቀላሉ የታየ አልነበረም። ነጠላቸው ላይ የቡድኑን ቀይ ቆብ ደፍተው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ጨዋታ ሲሄዱ ያዩ እናቶች ገሥጸዋቸዋል፤ የመክፈቻው ጨዋታ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሁዳዴ ላይ ስለሚውልም፣ ሌላው ሰው ሥጋውን ሲበላ እርሳቸው ቆሏቸውን እየቆረጠሙ እስከ መጨረሻው ዙር ይቀመጡ ነበር። የረጅም ዘመን ጓደኛቸው ወይዘሮ መነን አንድ ቀን አብረዋቸው ሄደው በአምስተኛው ዙር እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ሲነቁ፣ «እስካሁን አልተጀመረም?» ብለው መጠየቃቸው እስከ ዛሬ በማኅበሩ ይነገራል። በኳስ ሜዳ ያደጉት አቶ አሸናፊም፣ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ሰልፍ? ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል!» እያሉ ቴሌቪዥኑን ይቀይሩ ነበር።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ጨዋታውን የሚመዘግቡበት ደብተር ራሱን የቻለ ነገር ነበር። በወጣትነታቸው የተማሩትን አጭር ጽሕፈት ከአማርኛ ፊደል ጋር አዋሕደው፣ ለወጣ ተጫዋች «ወ»፣ ለሮጠ «ሮ»፣ ዳኛው በደለ ብለው ላሰቡበት ደግሞ ጠቆር ያለ «ግ» ይጽፉ ነበር። ይህ ሦስተኛው ፊደል «ግፍ» ማለት መሆኑን ቤተሰቡ የተረዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ደብተሮቹ ሲገለጡ «ግ» የሌለበት ገጽ ማግኘት ያዳግታል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ቡድኑ ለወሳኝ ጨዋታ ሲደርስ፣ አቶ አሸናፊ ከብዙ ልመና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረዋቸው ሄዱ። ቡድኑ ስድስት ለባዶ ይመራ ነበር፤ በመጨረሻው ዙር ለድል አንዲት ኳስ ብቻ ቀርታው ሳለ ግን ጨዋታው ከእጁ አመለጠ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ባቡሩ ሲተም፣ ባልና ሚስቱም እስከ ፎርት ቶተን ጣቢያ ድረስ ተጓዙ። እዚያ ባቡር ለመቀየር ሲጠብቁ አቶ አሸናፊ፣ «ነገ ሌላ ጨዋታ የላቸውም?» ብለው ጠየቁ።

«የላቸውም፤ አለቀ።»

«መቼ ነው ታዲያ?»

«መጋቢት።»

አቶ አሸናፊ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እንግዲህ እንጠብቃለና» አሉ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ የቴሌቪዥኑን ቻናል ቀይረው አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በድንገተኛ የልብ ሕመም እስከተለዩበት ጊዜ ድረስም የራሳቸው ቀይ ቆብ ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ወይዘሮ የወይንሐረግ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ሐኪሞቹም በአስቸኳይ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ወሰኑ። በዚያው ሳምንት ቡድናቸው ከሐምሳ ጨዋታ ሠላሳ አንዱን ተሸንፎ፣ ጋዜጣውም ሰዉም ተስፋ ቆርጦበት ነበር። በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ማኅደር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ እናቷ እጇን ይዘው፣ «ሐምሳው ነው የሄደው፤ መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ ይቀራል። በሐምሳው ማን ይፈርዳል?» አሏት። ማኅደር ስለ ቡድኑ ይናገሩ ወይስ ስለ ራሳቸው እንዳልገባትና ለመጠየቅም እንዳልደፈረች ትናገራለች።

በቀዶ ጥገናው ማግሥት ጠዋት ከማደንዘዣው በደንብ ሲነቁ የመጀመሪያ ቃላቸው፣ «ስንት ለስንት?» የሚል ነበር። ማኅደር ቃዡ ብላ ነርስ ልትጠራ ስትነሣ ዮኒ አስቁሟት፣ «አሥራ ሁለት ለአሥር፣ እማዬ፤ አሸንፈዋል» አላቸው፤ እርሳቸውም፣ «አላልኳችሁም?» ብለው ተመልሰው ተኙ።

በዚያ ክረምት እርሳቸው እያገገሙ፣ ቡድኑም እያሸነፈ ሄዶ በጥቅምት፣ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ለሚወስድበት ፍጻሜ ደረሰ። ልጆቻቸው ወደ አምስተኛው ጨዋታ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ቡድኑ ግን በገዛ ሜዳው ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። ዮኒ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ፣ «አንገትህን ቀና አድርግ፤ ቀሪው ሁለት ጨዋታ በሰው አገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ በሰው አገር ነው የሚጀግኑት» አሉት፤ እንዳሉትም ሆነ። ሰባተኛው ጨዋታ በተደረገበት ረቡዕ፣ ልጆቻቸውና ወይዘሮ መነን በሲልቨር ስፕሪንጉ ሳሎን ተሰብስበው ሲዘሉና ሲተቃቀፉ፣ ወይዘሮ የወይንሐረግ የመጨረሻዋን «ወ» በደብተራቸው ላይ ጽፈው፣ ቀኑን አስፍረው፣ እርሳሱን ካስቀመጡ በኋላ ነው ያለቀሱት። «አሹ ጠብቆ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት በአብዛኛው የሽንፈት ነበሩ። የሚወዷቸው ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ እርሳቸው ግን ከአዲሶቹ ልጆች መካከል ጎበዝ ይሆናል ያሉትን እየለዩ ስሙን በደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ይመዘግቡ ነበር። የዮኒ ልጅ ሂዊ ወላጆቿ ከሚኖሩበት ከበርክ ከተማ መጥታ አብራቸው ስትውል፣ የሚያሸንፍ ቡድን ለምን እንደማይመርጡ በእንግሊዝኛ ብትጠይቃቸው፣ በአማርኛ፣ «መምረጥማ መርጫለሁ» ብለው መለሱላት፤ አጠገባቸው አስቀምጠውም የሚመዘግቡበትን ዘዴ ያስተምሯት ጀመር።

ባለፈው የጸደይ ወራት ሕመሙ ተመልሶ ጸናባቸው። ሕክምናቸውን በትዕግሥት ሲከታተሉ ቆይተው፣ በነሐሴ ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሂዊ ወንበራቸውን እየገፋች ለመጨረሻ ጊዜ ሜዳው ድረስ ሄደው ነበር። በመስከረም ቡድናቸው ከምድቡ መጨረሻ ሆኖ ውድድሩን ለመፈጸም በተቃረበበት ሰሞን፣ ዮኒን ወደ አልጋቸው ጠርተው፣ «የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ጥሩ ነው፤ የመጋቢቱን ቲኬት አሁኑኑ ግዛ» አሉት።

«ስንት ልግዛ፣ እማዬ?»

«እኔን ሳትቆጥር ቁጠር። ሂዊን ግን ጥግ ላይ እንዳታስቀምጧት፤ ሜዳው በደንብ ሊታያት ይገባል።»

ዮኒ በዚያው ቀን፣ እርሳቸው እያዩት፣ አምስት ቲኬት ገዛ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ልሳነወርቅ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ወይዘሮ የወይንሐረግ ሴት ልጃቸውን ማኅደር አሸናፊን፣ ወንድ ልጃቸውን ዮኒ አሸናፊን፣ እንደ ልጃቸው የሚወዷትን ምራታቸውን ሳሌምን፣ የልጅ ልጃቸውን ሂዊን፣ በአዲስ አበባ የሚገኙትን ታናሽ እኅታቸውን፣ የማኅበር እኅቶቻቸውንና ለአርባ ዓመት ያልተለዩዋቸውን ወይዘሮ መነንን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችኋቸው፣ ዛሬም ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። በአረጋውያን አልጋ አጠገብ ያሳለፉትን ድካም የሚያውቅ ቸር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማደሪያ ያስገባልን፤ ለእኛም የእርሳቸውን ጽናት ያድለን። አሜን።