ለኤረር በሯ ዋንዛ የመጣ ውኃ

«እንዴት አደርሽ ፈቲያ ልጄ? የእናትሽ ጉልበት ተሻለው? አልሐምዱሊላህ በይ። ፀሐዩ ግን... በሐኪም ተራራ በኩል ደመና ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓይኔ ነው።»

ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ኤረር በር አጠገብ ባለው መናፈሻ የትኬት መስኮት ፊት ቆመዋል። ሟች ባለቤታቸው ሰገነት የተከለቻትን ዋንዛ ሊያጠጡ ከአቦከር ሰፈር አንድ ጄሪካን ውኃ ተሸክመው ቢመጡ፣ ጥበቃው «ጄሪካን ይዞ መግባት ተከልክሏል» ብሎ መልሷቸዋል። የመናፈሻው ኃላፊ አሥር እርምጃ ርቀው እንግዳ ያስጎበኛሉ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አሥር እርምጃ እንዲደርስ አድርገው ብቻ።

«ትኬቴን ቁረጪልኝ። በነፃማ አልገባም። ‹ክፈሉ፣ ለራሳችን ነው› እያልኩ ሰፈሩን የለመንኩት እኔ አይደለሁ? ደግሞም አልዋሸሁም። በመጀመሪያው ዓመት በዚሁ በመግቢያው ገንዘብ ቧንቧ ተዘረጋ፣ አግዳሚው ተጠገነ፣ አትክልተኛ ተቀጠረ። ሰገነት ዋንዛዋን የተከለችው ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ አዋቂ ኃላፊ መጡልን። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት ምን አውቄ... አበባ የሚጠወልገው እውነተኛ ስለሆነ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ማን አሰበ? እሳቸው አሰቡ። በሩን ሙሉ የፕላስቲክ አበባ አለበሱት። አትክልተኛው ሙባረክም ጠዋት ጠዋት በጎማ ያጥበዋል፤ አቧራ እንዳይይዘው። ዛፍ ማጠጣት ግን ውኃ ማባከን ነው አሉ። እውነታቸውን ነው። ዛፍ ፎቶ መነሣት ያውቃል?

ጄሪካኑንም የከለከሉት ለእኛው አስበው ነው። ቢጫ ነገር የእንግዳ ፎቶ ያበላሻል። የኔ ፊት የማያበላሽ ሆኖ ነው እስካሁን የሚያስገቡኝ? ደግነታቸው ነው እንጂ...

በይ፣ ውኃው እዚህ መስኮትሽ ሥር ይቀመጥ። የዋንዛዋ ቅጠል ከላይ ጀምሮ ረግፏል። እስከ እሑድ ከቆየች ትልቅ ነገር ነው። ገብቼ በቀረችው ጥላዋ ሥር ልቀመጥ።»

ትኬታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኃላፊው አሁን ሁለት እርምጃ ላይ ነበሩ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን ግን ከፈቲያ አላነሡም።

«መቼም ለእንዲህ ያለ ሰው ክፉ አይመኙለትም። ዕድሜ ይስጣቸው፤ እንደ እኔ ያርጁ። ያኔ ፀሐይ ሲጠናባቸው እዚሁ ይምጡ፤ በገዛ እጃቸው ባቆሙልን ጥላ ሥር ይረፉ... አሚን በይ፣ ልጄ።»